ማስተዋል የደወለችልኝ ዓርብ

እኔ ስንዱ፣ መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ የምሸጠዋ፣ ጅኒ አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ፣ ወንዝ ዳር የማላውቀው ነገር በስሜ ጠራኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ፊት ለፊቱ የምስቅ ሴት ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ ጎረቤቴ እትዬ ውዴ «ከጓሮዬ ማታ ማታ የሚያስነጥስ ነገር አለ» ብላ እየተንቀጠቀጠች ስትመጣ «ጉንፋን የያዘው ሰይጣን ነዋ፣ ጤና አዳም አሽችው» ብዬ የመለስኳት እኔ ነኝ፣ ለሳምንት አኩርፋኛለች። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ የኋላውን ስትሰሙ «ይቺ ሴት ድሮም እንዲህ ናት» እንዳትሉኝ ነው። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ እሱንም ሳልጨርስ ዳሩኝ፣ ስለዚህ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ እለፉኝ፣ ነገሩ ግን አልተንሻፈፈም፣ እንደሆነው ነው የማወርድላችሁ።

የምኖረው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነው፣ ከመናኸሪያው አጥር ጀርባ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያስቀረልኝ አንዲት ልጅ ናት፣ ማስተዋል ትባላለች፣ ባሕር ዳር ጸጉር ቤት ትሠራለች፣ ከሷ ሌላ ልጅ የለኝም፣ ዘመድ የምለውም ጋይንት ያለ አንድ ወንድሜን ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ስትመጣ ፊቱ መስታወት የሆነ ስልክ ይዛልኝ መጣችና «እማ፣ አረንጓዴውን ስትነኪ እኔን ታገኛለሽ፣ ቀዩን ስትነኪ እጠፋለሁ፣ ሌላውን አትንኪ» አለችኝ፣ እኔም ሌላውን አልነካሁም፣ ታቦት ነው ብላችሁ ቁጠሩት። ስትደውል ፎቶዋ ብቅ ይላል፣ አንዳንዴም ራሷ በምስል ትመጣለች፣ እያየኋት እናወራለን፣ መጀመሪያ መጀመሪያ ነጠላዬን አስተካክዬ ነበር የማነሳው፣ ኋላ ለመድኩት።

እንግዲህ ዓርብ ቀን ነው። ሌሊት አልነበረም፣ እንዲህ ያለ ነገር በሌሊት ነው የሚመጣው ያላችሁ ሁሉ ተሳስታችኋል፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይዋ በበሬ ገብታ እግሬ ሥር ተኝታ፣ እኔ ለጾሙ ወጥ ምስር እለቅማለሁ፣ ስልኩ ከጣሳ ጋር ተደግፎ ቆሟል፣ ጮኸ። የማስተዋል ፎቶ ነው። አረንጓዴውን ነካሁ፣ መጣች።

«እማ።»

«ወይ ልጄ፣ ወይ ዓለሜ፣ ደህና ነሽ? ምነው ከስተሻል?»

«ደህና ነኝ እማ።»

ድምፁ የሷ ነው፣ የወለደች እናት ድምፅ አይጠፋትም፣ ፊቱም የሷ ነው፣ ብቻ ድምፁ ቀድሞ ይመጣል፣ አፏ ኋላ ይከተላል፣ «ደህና ነኝ» ብላ ከጨረሰች በኋላ ከንፈሯ «ደህና ነኝ» ይላል። ኔትወርክ ነው አልኩ፣ እኛ አገር ያልገባንን ነገር ሁሉ ኔትወርክ ነው የምንለው። ከጀርባዋ ደግሞ ግድግዳ ላይ ሰፌድ ተሰቅሏል፣ ቀይና አረንጓዴ፣ ጠርዙ ላይ እሳት የላሰው።

«ሰፌድ ገዛሽ እንዴ? የኔን ይመስላል።»

«አዎ እማ» አለች፣ ሳቀችም።

እኔ ሞኟ ደስ አለኝ፣ ልጄ ከተማ ብትገባም ሰፌድ አልረሳችም ብዬ። አውራ ዶሮዬ ደጅ ላይ ጮኸ፣ በስልኩም ውስጥ ጮኸ፣ ባሕር ዳርም ዶሮ አለ ማለት ነው ብዬ አለፍኩት። ምስሬን መልቀም ቀጠልኩ፣ ዓይኔ እጄ ላይ ነው፣ እሷ ምን አለች መሰላችሁ?

«እማ፣ ጠጠሯን አለፍሻት፣ በግራ እጅሽ በኩል።»

ባይ፣ እውነትም ጠጠር! ስልኩ እኮ በጣሳው ላይ ተንጋሎ ጣራ ጣራ ነው የሚያየው፣ እኔ ግን ያን ያሰብኩት ኋላ ነው፣ ያኔ ያልኩት «አበስኩ፣ ባሕር ዳር ሆና እስቴ ያለ ጠጠር የምታይ ልጅ፣ ዓይን ይባርክልሽ!» ነው። ቀጠለችና፣

«እማ፣ የክርስትና ስሜ ማን ነበር?»

«ረሳሽው? አንቺ ልጅ፣ ጸጉር ስትተኩሺ ጭንቅላትሽም ተተኮሰ?»

«ማኅበር ልገባ ነው፣ ይጠይቁኛል።»

ማኅበር መግባቷ ደስ ብሎኝ፣ በስልክ ሳወራ ደግሞ የመጮኽ ልማድ አለብኝ፣ ባሕር ዳር ሩቅ ነው፣ «ወለተ ሩፋኤል!» ብዬ ጮኽኩ።

«ደግመሽ በይው።»

«ወለተ ሩፋኤል!»

«ያንቺስ?»

አፌን ከፍቼ ልናገር ስል ዶሮዋ፣ ያቺ እግሯ የማያርፍ፣ ዘላ ምስሩ ላይ ወጣችና በተነችው፣ «እሽ! እሽ! ቁርጥማት ያድርግሽ!» እያልኩ ዞር ብዬ ስመለስ ስልኩ ጠቁሯል። ያቺን ዶሮ ዛሬ «በሞቴ» ብላችሁ ብትለምኑኝ እንኳ አላርዳትም።

ማታውን ከተማው ተለወጠብኝ። የእድራችን ዳኛ አያ ሙሉ፣ ያለ ምርቃት ቆሎ ገዝቶ የማያውቅ ሰው፣ ጨምሪልኝ ሳይል ሄደ፣ ሄዶም ከሩቅ ዞሮ አየኝ። እትዬ ውዴ መጣችና ግቢዬን በእርምጃ ከአጥር እስከ አጥር ትለካለች።

«ምን ታደርጊያለሽ እትዬ ውዴ?»

«እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው እታለም። ለመሆኑ ማስተዋል ሕፃን ሆና ምን ትወድ ነበር?»

«ምኑን አስታውሼው፣ ቆሎ ነዋ።»

«ቆሎ» አለች ለራሷ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ «ቆሎ… ቶሎ… ይሆናል። ቁመቷስ? እንደ ሸምበቆ ቢባል ያስኬዳል?»

እትዬ ውዴ ማለት አገር ያወቃት አልቃሽ ናት፣ ከዚህ እስከ ስማዳ ሰው ሲሞት በቅሎ ተልኮ የምትጠራ፣ ያኔ ልነቃ ይገባኝ ነበር፣ አልነቃሁም፣ «ሸምበቆ እንኳ አትደርስም፣ አጠር ትላለች» ብዬ በሬን ዘጋሁ።

መርዶ በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፣ ማታ አይነገርም፣ ሰውየው ራቱን ይብላ፣ ይተኛ ይባላል፣ አገሩ ሁሉ አውቆ እሱ ብቻ ሳያውቅ ያድርና ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ ይሰበሰብበታል። ቅዳሜ ንጋት ላይ ከበሬ ውጭ እግር ሰማሁ፣ ብዙ እግር፣ ወሬ የሌለው እግር፣ ከዚያ ሳል ሰማሁ፣ የንስሐ አባቴ የመምሬ ጥበቡ ሳል ነው።

ስከፍት ግቢው ጋቢ በጋቢ ሆኗል። መምሬ ከአዳም ጀመሩ፣ አዳምም ሞተ፣ ኖኅም ሞተ፣ አብርሃምም ሞተ አሉ፣ እኔ በልቤ ቶሎ ይድረሱ እላለሁ፣ ገና ሙሴ ላይ ናቸው።

«አባቴ፣ ወንድሜ ነው? ከጋይንት ሰው መጣ?»

«ልጄ ስንዱ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን…» ብለው አቃታቸው።

አያ ሙሉ ነው የጨረሰው። «ማስተዋል ናት።»

ሳቄ መጣ፣ በእውነት ሳቅሁ። «ማስተዋል? ትናንት አወራኋት እኮ! ሰፌድ ገዝታ!»

እናንተ፣ ያን ስል ለቅሶው ተነሣ። «አእምሮዋን ነካት! ያዟት!» አሉና አራት ሴቶች ተቀመጡብኝ፣ «ጠጠር አሳይታኛለች!» ባልኩ ቁጥር ሴቶቹ ይብስባቸዋል፣ አንዷ «ወይኔ፣ ጠጠር ቆጠረች» ብላ ደረቷን መታች። በመከራ እጄን አስለቅቄ ስልኬን ሰጠኋቸው፣ ደውሉላት አልኩ፣ ደወሉ፣ ያቺ በስልክ ውስጥ የምትናገረው ሴትዮ ጥሪ አይቀበልም አለች። አያ ሙሉ መነጽሩን አድርጎ ስልኬን አገላበጠና ቀስ ብሎ፣

«ስንዱ፣ ትናንት የደወለልሽ ሰው የለም። የተደወለ ሁሉ እዚህ ይጻፋል፣ ያንቺ የመጨረሻ ጥሪ የሰኞ ነው» አለኝ።

ከዚያ የራሱን ስልክ አወጣና ከሐሙስ ጀምሮ በየሰው እጅ በፌስቡክ ሲዞር የነበረውን አሳየኝ። ልጄ ናት፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከፊቷ ሻማ ይነዳል፣ አንድ አይደለም፣ ረድፍ ሙሉ። ከሥሩ በፈረንጅ ፊደል ምንነቱን ማንም ያላወቀው ጽሑፍ አለ፣ ከጽሑፉ ሥር ደግሞ ቢጫ ቢጫ ራሶች፣ ሁሉም እንባቸውን ዱብ ዱብ ያደርጋሉ። እንግዲህ ፍረዱኝ፣ በእኛ አገር የሰው ፎቶና የሚነድ ሻማ አንድ ላይ የሚሆኑት ለማን ነው? ለሞተ ነዋ!

«ይሄ ሁሉ ሰው ወዶታል» አለኝ አያ ሙሉ፣ ሊያጽናናኝ፣ አውራ ጣት የሚመስል ነገር እያሳየ።

«የልጄን ሞት የወደደው ማን ነው? ስሙን ንገረኝ!» ብዬ ተነሣሁ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን እንጃ፣ ጮኽኩ፣ ወደቅሁ፣ ፊቴን ነጨሁ፣ አሁንም ምልክቱ አለ። ሳወራው ያስቃል፣ ያን ዕለት ግን እኔ ልጄ ሞታ ነው የዋልኩት፣ ያን ጥዋት ለጠላቴ አልመኝም።

ድንኳን ተተከለ፣ እትዬ ውዴ የለካችው ልክ ነበር፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ እሷም መሐል ቆማ አወረደችው፦

እንደ ሰው በመንገድ፣ እንደ ሰው በእግርሽ፣
ምነው በስልክ ሆድ ውስጥ ታጥፈሽ መምጣትሽ።

ሰው ተንሰቀሰቀ። ስድስት ሰዓት ላይ የደብረ ታቦሩ አውቶቡስ ገባ፣ ቤቴ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው ብያችኋለሁ፣ ጥሩምባውን ሁልጊዜ እሰማለሁ፣ ብዙም ሳይቆይ ከወደ አጥሩ «እማዬን! እማዬን! ሳላይሽ!» የሚል ጩኸት መጣ። የልጄ ድምፅ ነው። ማስተዋል ናት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች፣ በቀጥታ ወደ ድንኳኑ።

ሟች እያለቀሰች ለራሷ ለቅሶ ስትገባ ያየ ሰው ምን ይሆናል? ግማሹ በአጥር ዘለለ። አያ ሙሉ ከንፍሮው በርሜል ጀርባ ተጎነበሰ፣ ጋቢው ብቻ ይታያል። መምሬ መስቀላቸውን አነሡ፣ እትዬ ውዴ ግን አፏን እንደከፈተች ቀረች፣ አዲስ ስንኝ ይዛ ነበር መሰለኝ። እኔ ወጣሁ። አየችኝ። ለቅሶዋ ቀጥ አለ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

«እማ?»

እኔም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። «ማስተዋል?»

«በስመ አብ!» አለች።

«በስመ አብ ወወልድ!» አልኩ።

እሷ እኔን ታማትባለች፣ እኔ እሷን አማትባለሁ፣ ማንም ማንንም አልቀረበ። መምሬ ናቸው የፈረዱት፣ «የሞተ እህል አይቀምስም፣ ለሁለቱም ንፍሮ ስጧቸው» አሉ። ሰጡን። ሕዝቡ ተመልሶ በአጥሩ ላይ አንገት በአንገት ሆኖ ያያል፣ እኔ አንድ ፍሬ ስንዴ ዋጥኩ፣ እሷ አንድ ፍሬ ባቄላ አላመጠች፣ «ዋጠች! ዋጠች!» አሉ፣ እልልታው ቀለጠ፣ እኔና ልጄ ያኔ ነው የተቃቀፍነው፣ ባቄላው እንኳ አንቋት ጀርባዋን መታኋት።

ነገሩ ሲጣራ ሻማው የልደት ነው። ጓደኞቿ ጸጉር ቤቱ ውስጥ ኬክ ቆርሰውላት፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ስትመኝ አንስተዋት ነው ሐሙስ ዕለት የለጠፉት።

«ልደት? አንቺን የወለድኩሽ ውቂያ ላይ ነው፣ ቀኑን እኔ የማላውቀውን እነሱ ከየት አወቁት?»

«እኔ ነኝ የመረጥኩት እማ።»

«እነዚህ የሚያለቅሱትስ?» አለ አያ ሙሉ፣ ከበርሜሉ ወጥቷል።

«በሳቅ ነው የሚያለቅሱት፣ ኬኩ አፍንጫዬ ላይ ነበር።»

አያ ሙሉ ባሕር ዳር ላለ ያጎቱ ልጅ ደውሎ አስከሬኑ መቼ እንደሚመጣ ጠይቅ ብሎት ነበር፣ ሰውየው ዓርብ ሲመሽ ጸጉር ቤቱ ሲገባ ሟች ማበጠሪያ ይዛ «ደህና ዋሉ ጋሼ» አለችው፣ ምን ይበላት? «እቤታችሁ ለቅሶ ነው፣ ቶሎ ሂጂ» ብሎ ሮጠ፣ ያየው ሰው ይሁን ሌላ እርግጠኛ ስላልሆነ ስልኩንም አጠፋ። እሷም እቤት ያለኋት እኔ ብቻ ነኝና እኔ የሞትኩ መስሏት ነው የመጣችው። እትዬ ውዴ ብቻ አልተጽናናችም፣ «ይሄን ሁሉ ግጥም አሁን ምን ላርገው?» ትላለች፣ መምሬ «ይቆይልሽ፣ ማን ይቀራል» ብለው ንፍሮውን ባርከው የተሰበሰበው ሁሉ ለምስጋና በላው።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ፣ አልጻፍኩትምም ነበር።

ሰው ሲበተን ከልጄ ጋር ቤት ገባን። እግሯን እያጠብኩ «ግን ምነው ስልክሽን ዘጋሽው፣ ጥዋት ብናገኝሽ እኮ ይህ ሁሉ ባልሆነ» አልኳት።

«ስልኬ የለም እኮ እማ። ማክሰኞ ባጃጅ ውስጥ ጠፋብኝ። ቁጥርሽም እዚያው ውስጥ ነው፣ በቃሌ አላውቀው።»

«ታዲያ ዓርብ በማን ስልክ ደወልሽልኝ?»

«አልደወልኩልሽም።»

እጄ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀና ስል ግድግዳዬን አየሁ። ሰፌዱ ተሰቅሏል፣ ቀይና አረንጓዴ፣ ጠርዙን እሳት የላሰው፣ ክረምት ላይ እኔው ራሴ ያቃጠልኩት። ዶሮውም ትዝ አለኝ፣ ሁለት ጊዜ አልነበረም የጮኸው፣ አንድ ዶሮ ነው፣ አንድ ጩኸት። ያን ቀን የተደወለው ከየትም ይሁን፣ ስታናግረኝ የነበረችው እዚችው ቤት ውስጥ ሆና፣ ፊቷን ወደኔ አዙራ፣ ሰፌዱን ከጀርባዋ አድርጋ ነው። ሰፌዱ ደግሞ የተሰቀለው ከበላዬ ነው፣ ከዚያ የተቀመጠ ሰው እጄንም ምስሩንም ያያል።

«ሌባው ይሆናል እማ፣ ስልኩን የወሰደው።»

«ሌባ ድምፅሽን ከየት አመጣው? ፊትሽንስ?»

«ዛሬ የማይሠሩት የለም» አለች፣ ግን አልጨረሰችውም። የጠየቀችኝን ስነግራት እግሯን ከውሃው አወጣች።

«ነገርሻት?»

«ጮኼ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት።»

የክርስትና ስም እንደ ሌላው ስም እንዳልሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፣ ለካህን እንጂ ለመንገደኛ አይነገርም፣ ክፉ ሊሠራ የሚፈልግም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው፣ ቀጥሎ የእናትን። እኔ ደግሞ በገዛ አፌ፣ አገር በሚሰማ ድምፅ ሰጠሁት።

በማግስቱ መምሬ ዘንድ ሄድኩ። «አባቴ፣ የልጄ የክርስትና ስም ይቀየርልኝ።»

«ጥምቀት አንዲት ናት ልጄ፣ እንዴት ብሎ ይቀየራል?»

«እንግዲያው ስልኩን ጠበል ይርጩልኝ።»

ስልኩን ከሩቅ አዩት። «ይበላሻል።»

«ይበላሽ እንጂ አባቴ፣ እሱንስ ፈልጌ!»

«ልጅሽ ለፍታ የገዛችው ዕቃ ነው» አሉና ጠበሉን በኔ ላይ አርከፈከፉት፣ ጥምጣማቸውን እየነካኩ «ለመሆኑ የኔን ስም አልጠየቀሽም?» አሉኝ። አልጠየቀችም አልኳቸው። ደስ ያላቸው መሰለኝ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስልካቸው ሲጮኽ ሌላ ሰው ነው የሚያነሣላቸው።

ማስተዋል ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ አዲስ ስልክ ያዘች፣ በምስል አንነጋገርም፣ በድምፅ ብቻ ነው። ለፋሲካ መጥታ ስልኬን ስታስተካክልልኝ ድንገት እጇ ቆመ። «እማ፣ ይሄ መቼ መጣ?» አለችኝ። አየሁት። ፎቶ የሌለው፣ ፊት የሌለው ግራጫ ራስ ነው፣ እኔ ከፍቼው በማላውቀው ፌስቡክ ላይ ጓደኛ ልሁንሽ ብሎ ይጠይቃል፣ ስሙ በአማርኛ ፊደል ተጽፏል፦ ወለተ ሩፋኤል። በእኛ አገር ወለተ ማርያምና ወለተ ሥላሴ እንደ ገብስ ነው፣ ወለተ ሩፋኤል ግን እኔ ከሷ ሌላ አላውቅም፣ ያን ስም ከዚያ ዓርብ ጩኸቴ በፊት የምናውቀው እኔ፣ እሷ፣ መምሬና የሞተችው የክርስትና እናቷ ብቻ ነበርን።

«አጥፊው» አልኳት። ጣቷ ሄደ፣ ደረሰና ቆመ። «አንቺ አጥፊው» አለችኝ። እኔም ጣቴን አነሣሁ፣ አልቻልኩም። እሺ ብል ምንነቱን የማላውቀውን ቤቴ አስገባለሁ፣ እንቢ ብል ደግሞ የልጄን የጥምቀት ስም በገዛ ጣቴ አልፈልግሽም አልኩ ማለት አይደለም? እንደዚያው ተወነው። እስከ ዛሬ እዚያው ነው፣ አይደውል፣ አይናገር፣ ይጠብቃል።

ትናንት ማስተዋል ደውላ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ስታወራኝ ቆየችና «እማ፣ ያቺ አሁንም አለች?» አለችኝ።

«የቷ?»

«ያቺ እንኳ… ስሟ…»

ልትጠራው አልደፈረችም፣ የራሷን ስም። እኔም ደፍሬ አልጠራሁላትም፣ በስልኩ ውስጥ ሆና እማ የምትለኝ የትኛዋ እንደሆነች በምን አውቄ።